ሊሊት የጋረደቻት ሔዋን

የአይሁድ ትውፊት ስለ መጀመሪያዪቱ ሴት አፈጣጠር ምን ይላል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ካለፉት 50 ዓመታት ወዲህ አንድ መልስ ሌሎቹን ሁሉ ጸጥ አሰኝቷቸዋል። ከሔዋን በፊት ሊሊት የምትባል ሴት ነበረች፤ እንደ አዳም ከአፈር ተፈጠረች፤ ከእሱ በታች አልሆንም ብላ ጥላው በረረች። ታሪኩ አጭርና ለመንገር የሚመች ነው። ለሥዕልም፣ ለቴአትርም፣ ለትግል መፈክርም ይሆናል። በዚህ ዳሰሳ የምሟገተው ሊሊት ከሚገባት በላይ ተወድሳለች፣ በእሷ ግርዶሽ ሥርም በዕድሜ የምትቀድማት፣ በሥነ ጽሑፍ ሚዛንም የምትከብዳት ሌላ ሴት ተረስታለች ብዬ ነው። ይህችኛዋ የራሷ ስም እንኳ የላትም። ሊቃውንቱ የሚጠሯት “የመጀመሪያዪቱ ሔዋን” እያሉ ነው። ሊሊት ጥላ ሄደች፤ ይህችኛዋ ተጣለች።

ክርክሩን የወለደው የኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 እና ምዕራፍ 2 አለመገጣጠም መሆኑ የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ወንድና ሴት በአንድ ቀን ይፈጠራሉ፤ በሁለተኛው አዳም ብቻውን ከቆየ በኋላ ሴቲቱ ከጎኑ ትወጣለች። የዘመናችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ይህን የሁለት ምንጮች ውጤት ያደርገዋል። ረቢዎቹ ግን መጽሐፉን እንደ አንድ ቃል ያነቡ ስለነበር ክፍተቱን በተረክ መሙላት ነበረባቸው። በ5ኛው መቶ ዘመን ገደማ በፍልስጥኤም ምድር የተጠናቀረው በሬሺት ራባ፣ ማለትም ታላቁ የዘፍጥረት ሚድራሽ (የረቢዎች ትርጓሜ)፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የተለያዩ መልሶችን ጎን ለጎን ይዟል። ረቢ ኤርምያስ ቤን አልዓዛር የመጀመሪያው ሰው ወንድም ሴትም ሆኖ ተፈጠረ ይላል። ረቢ ሳሙኤል ባር ናሕማን ደግሞ ሁለት ፊት ያለው አንድ አካል ነበር፤ ፈጣሪ ለሁለት ሰንጥቆ ለእያንዳንዱ ጀርባ አበጀለት ይላል። ከአዳም የተወሰደው አንድ አጥንት ነው ወይስ ሙሉ ጎን የሚለው ሙግትም ከዚሁ ይነሣል።

የአንድምታ ትምህርት የቀመሰ አንባቢ አካሄዱን ወዲያው ያውቀዋል። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው ይባልና ሁሉም በየቦታው ይቀመጣል። አጠናቃሪው በራሱ አንደበት ፍርድ አይሰጥም። ሐሳቡ የሚታወቀው ማንን ከማን አጠገብ እንዳስቀመጠ ልብ ለሚል አንባቢ ነው። ይህ አቀማመጥ የሚድራሽ ዋነኛ ጥበብ ነው፤ ሊሊትን ያነገሡት አንባቢዎች ያለፉትም እሱኑ ነው።

የክታቡ ታሪክ

ሊሊት በቀደሙት ጽሑፎች የአዳም ሚስት ሆና አትገኝም። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 34 በፈራረሰ ምድር ከሚሰፍሩ አራዊት ጋር አንድ ጊዜ ትጠራለች። በባቢሎን ታልሙድ ረጅም ጸጉርና ክንፍ ያላት፣ ቤት ውስጥ ብቻውን የተኛን ሰው የምትይዝ መንፈስ ናት። ከኒፑር ፍርስራሽ ተቆፍረው ወጥተው ጄምስ ሞንትጎመሪ እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተማቸው፣ በአራማይክ ቋንቋ አስማት የተጻፈባቸው የሸክላ ሳህኖችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ሳህኑ ከመኖሪያ ቤት ወለል ሥር በአፉ ተደፍቶ ይቀበራል፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ሊሊት ቤቱን ለቃ እንድትወጣ የፍቺ ወረቀት ተጽፎላታል። በእነዚህ ሁሉ ሊሊት ከውጭ የምትመጣ የቤተሰብ ጠላት ናት።

የአዳም ሚስት ያደረጋት “የቤን ሲራ ፊደል” የሚባለው፣ ከ8ኛው እስከ 10ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፈ ሥራ ነው። ደራሲው አይታወቅም። መጽሐፈ ሲራክን ለጻፈው ጠቢብ የተሰጠ ቢመስልም በዘመንም በመንፈስም ከእሱ ጋር ምንም አያገናኘውም። ባለታሪኩ ቤን ሲራ በመታጠቢያ ቤት ከነቢዩ ኤርምያስ ዘር የተፀነሰ፣ ሲወለድ ጀምሮ የሚናገር ሕፃን ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ብልግናና ፌዝ ስለበዛ ጠቅላላ ሥራው ምጸት ነው ወይስ ተራ የሕዝብ ተረት የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የሊሊት ታሪክ የተነገረበትን አጋጣሚ ማየት ያስፈልጋል። የናቡከደነፆር ትንሽ ልጅ ይታመማል። ንጉሡ ቤን ሲራን ልጄን ፈውስ ይለዋል። ቤን ሲራ ክታብ ይጽፋል፤ ክታቡ ላይ የሦስት መላእክት ስምና ምስል ያኖራል፤ ስኖይ፣ ሳንስኖይና ሰማንጌሎፍ። ንጉሡ እነዚህ እነማን ናቸው ብሎ ሲጠይቅ ታሪኩ ይጀመራል። አዳምና ሊሊት በመኝታ ማን ከላይ፣ ማን ከታች እንደሚሆን ይጣላሉ፤ ሊሊት ሁለታችንም ከአፈር ነን፣ እኩል ነን ትላለች፤ የፈጣሪን ስውር ስም ጠርታ ትበራለች። የብዙ ዘመናዊ አንባቢ ንባብ እዚህ ላይ ያበቃል። የታሪኩ ትልቁ ክፍል ግን ገና አልተነገረም። መላእክቱ ግብፃውያን ወደፊት በሚሰጥሙበት ባሕር ውስጥ ያገኟታል። አልመለስም በማለቷ ከልጆቿ በየቀኑ 100 እንዲሞቱ ይፈረድባታል። እሷም የተፈጠርኩት ሕፃናትን ላዳክም ነው፤ በወንድ ልጅ ላይ እስከ 8 ቀን፣ በሴት ልጅ ላይ እስከ 20 ቀን ሥልጣን አለኝ ትላለች፤ የሦስቱን ስም ወይም ምስል በክታብ ላይ ካየች ግን ሕፃኑን እንደማትነካ ትምላለች። ታሪኩ የሚደርሰው እዚያው ክታብ ላይ ነው። ጠቡም፣ መብረሩም፣ ስምምነቱም የክታቡን ኃይል ለማስረዳት የቆሙ ናቸው።

ለእኛ አንባቢ ይህ ሥርዓት ባዕድ አይደለም። በብራና ክታቦቻችን ላይ ፈረስ ተቀምጦ ወርዘልያን በጦር የሚወጋው ቅዱስ ሱስንዮስ የሚሣለው ለአራስና ለሕፃን ጥበቃ ነው። የስኖይና የሳንስኖይ ስሞች ከሱስንዮስ ስም ጋር የሚዛመዱ መምሰላቸውም ተመራማሪዎችን አነጋግሯል። ክታብ ጸሐፊው ዓላማው ሕፃኑን ማትረፍ ነው፤ የወርዘልያን ነገር የሚያነሣውም ለዚያ ብቻ ነው። የቤን ሲራ ፊደል ተራኪም በሊሊት ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ለእኩልነት የተከራከረችዋን ሴት በዚያው ገጽ ሕፃናት ገዳይ ሲያደርጋት ምንም አልከበደውም።

ሊሊት ሁለቱን የፍጥረት ምዕራፎች ለማስታረቅ የተፈጠረች ናት የሚለው የተለመደ ማብራሪያም በጽሑፉ አይደገፍም። ተራኪው ታሪኩን የሚጀምረው ሰው ብቻውን መሆኑ መልካም አይደለም ከሚለው የምዕራፍ 2 ሐሳብ ነው፤ የምዕራፍ 1ን የወንድና የሴት መፈጠር አይጠቅስም። ማስታረቂያነቱን የሰጧት በኋላ የመጡ አንባቢዎች ናቸው።

ጁዲት ፕላስኮ እ.ኤ.አ. በ1972 ሊሊትና ሔዋን በገነት ግንብ ዙሪያ ተገናኝተው ወዳጅ የሚሆኑበትን ታሪክ ስትጽፍ አዲስ ሚድራሽ እየጻፈች መሆኗን ታውቅ ነበር፤ ሥራዋም በዚያ ሐቀኝነት የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተው የአይሁድ ሴቶች መጽሔት የሊሊትን ስም ሲይዝም የወሰደው ምልክት ነው። ጥፋቱ የመጣው ምልክቱን ለጥንታዊ ምስክርነት ከለወጡት ዘንድ ነው። እነሱ ሲጽፉ የ20ኛው መቶ ዘመን ንባብ የተቀበረ የጥንት እውነት ይሆናል፤ በእርግጥ ጥንታዊ የሆነው ደግሞ ሳይነበብ ይቀራል።

ወይዘሮዋ ያመጣችው ምስክርነት

በእርግጥ ጥንታዊ የሆነው በበሬሺት ራባ ምዕራፍ 17 ውስጥ አለ። አንዲት የሮም ወይዘሮ ረቢ ዮሴን ትጠይቀዋለች፤ ሔዋን ለምን በስርቆት ተፈጠረች? ለምን አዳም እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ? ረቢ ዮሴ በምሳሌ ይመልሳል። አንድ ሰው አንድ ወቄት በስውር አደራ ቢሰጥሽ፣ አንቺም በግልጽ ነጥር ሙሉ ብትመልሽለት፣ ይህ ስርቆት ነውን? ወይዘሮዋ አትረካም፤ መስጠቱስ ይሁን፣ ለምን በስውር ትለዋለች። ረቢ ዮሴ ያን ጊዜ ምስጢሩን ያወጣል። ፈጣሪ መጀመሪያ ሴት ፈጥሮለት ነበር፤ አዳም ደምና ፈሳሽ ሞልቷት ሲያያት ከእሱ አራቃት፤ ከዚያም ዳግመኛ ፈጠረለት።

የመጀመሪያዪቱ ሔዋን ይህች ናት። ወይዘሮዋም አልተቃወመችውም። ይልቁንም ማስረጃ ልጨምርልህ ብላ የራሷን ሕይወት ትነግረዋለች። ለእናቷ ወንድም ልትዳር ታስቦ ነበር፤ በአንድ ቤት ከእሱ ጋር ስላደገች በዓይኑ አስጠላችው፤ ሄዶ ሌላ አገባ፤ ያገባት ግን እንደ እሷ ቆንጆ አይደለችም።

በአይሁድ ትውፊት ስለ መጀመሪያዪቱ ሴት ከተጻፈው ሁሉ ይህን አጭር ምልልስ አስበልጣለሁ። ምክንያቴ በመጨረሻዪቱ ሐረግ ላይ ነው። ረቢ ዮሴ በምሳሌው ኋላ የተሰጠው ከፊተኛው አብዝቶ ይበልጣል ብሎ ነበር፤ በወቄት ፋንታ ነጥር። ወይዘሮዋ ደግሞ ደገፍኩህ ብላ የነገረችው ታሪክ ሚዛኑን ይገለብጠዋል። በእሷ ታሪክ ኋላ የመጣችው ታንሳለች። የእሷ ሕይወት ለሔዋን ነገር ትክክለኛ ምሳሌ ከሆነ፣ እሷም ነው ትላለች፣ የሕያዋን ሁሉ እናት የተባለችው ሁለተኛዋ ሔዋን ከተጣለችው ታንሳለች ማለት ነው። የመጀመሪያዪቱ ጉድለትም ጉድለት አይደለም። አዳም ስትሠራ አየ፤ አጎትየው ስታድግ አየ፤ ያስጠላቸው የእነሱ ዓይን ነው። ወይዘሮዋ የረቢውን መደምደሚያ ተቀብላ ምክንያቱን አፈረሰችው። ረቢ ዮሴም ምላሽ አልሰጠም፤ አጠናቃሪውም ምላሽ አልፈለገለትም።

አጠናቃሪው የፈለገው ሌላ ታሪክ ነው፤ ያኖረውም ወዲያው ከዚህ ቀጥሎ ነው። አንድ ጻድቅ ሰው ጻድቅ ሚስት ነበረችው፤ ልጅ አልወለዱም፤ ለፈጣሪ ምን ጠቀምን ብለው ተፋቱ። ሰውየው ክፉ ሴት አገባ፤ ክፉ አደረገችው። ሴትየዋ ክፉ ሰው አገባች፤ ጻድቅ አደረገችው። ሚድራሹ ትምህርቱን ሁሉም ከሴቲቱ ነው በሚል ይዘጋዋል። ብዙ ሰባኪዎች ይህን መዝጊያ ነጥለው ወስደው ለሚስቶች መምከሪያ አድርገውታል። በቦታው ሆኖ ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ደም ስለታየባት የራቀች ሔዋን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ስላደገች የተናቀች ወይዘሮ፣ ልጅ ስላልወለደች የተፈታች ጻድቅ ሴት፤ ሦስት ሴቶች ተከታትለው ቆመዋል፤ አንዳቸውም በጥፋታቸው አልተሰናበቱም። ሦስተኛዋ ደግሞ የተጣለች ሴት ምን እንደምትችል አሳየች። አጠናቃሪው አንድ ቃል ሳይጨምር ሦስቱን በማጎራበት ብቻ ለተጣለችው ሴት ያደረገላትን ሙግት የትኛውም የሊሊት ታሪክ አላደረገላትም።

የባቢሎን ታልሙድ ሳንሄድሪን በሚባለው ክፍሉ የዚህኑ ጥያቄ ሌላ መልክ ይዟል። ቄሣሩ ራባን ገማልያልን አምላካችሁ ሌባ ነው፤ አዳምን አስተኝቶ ጎኑን ሰረቀው ይለዋል። የቄሣሩ ልጅ እኔ ልመልስለት ትላለች፤ ሌሊት ሌቦች ገብተው የብር ማንቆርቆሪያ ወስደው የወርቅ ትተውልን ሄዱ ብላ ታመለክታለች። ቄሣሩ እንዲህ ያለ ሌባ በየቀኑ በመጣ ባለ ጊዜ ትረታዋለች። በግልጽስ ለምን አልወሰደም ሲላትም ጥሬ ሥጋ አስመጥታ እሱ እያየ አዘጋጅታ ታቀርብለታለች፤ ያስጠየፈዋል። ጨዋታው ሹል ነው፤ ልጅቱም ብልህ ናት። ነገር ግን ወርቁ ምን እንደሆነ ስታስረዳ ለአዳም አጥንት ተወስዶበት የምታገለግለው ገረድ ተሰጠችው ትላለች። ሮማዊቷ ወይዘሮ ስለ ራሷ ተናግራ ክርክሩን ከፈተች፤ ይህችኛዋ ስለ ሔዋን ተናግራ ዘጋችው።

የተጣለችው ሔዋን በበሬሺት ራባ ውስጥ አንድ ጊዜ ደግሞ ብቅ ትላለች። ቃየልና አቤል በምን ተጣሉ ለሚለው ጥያቄ ይሁዳ ባር ረቢ በመጀመሪያዪቱ ሔዋን ነው ብሎ ይመልሳል። በዚህ ንባብ ሴቲቱ አልጠፋችም፤ የመጀመሪያው ግድያም በእሷ ሰበብ ነው። ረቢ አይቡ ግን የመጀመሪያዪቱ ሔዋን ወደ አፈሯ ተመልሳለች ይልና ለጠቡ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። አንዱ በሕይወት አቆያት፣ ሌላው ቀበራት። ሁለቱም እሷን አላናገሯትም፤ በእሷ ፈንታ የተናገረችው ያቺ ሮማዊት ብቻ ናት።

ሹሩባውና ክሱ

የሚድራሽ አጎራባችነት ሁልጊዜ ለሴቷ አይቆምም። በበሬሺት ራባ ምዕራፍ 18 የስክኒኑ ረቢ ኢያሱ በረቢ ሌዊ ስም የሚያስተምረው ትምህርት በዓለም ዙሪያ በሠርግ ስብከት የሚወደድ ነው፤ የሚወደደው ግን ግማሹ ነው። ፈጣሪ ሴቲቱን ከየትኛው አካል እንደሚፈጥራት ተመካከረ። እንዳትኮራ ከራስ አልፈጥራትም፣ ዓይኗ እንዳይቀላውጥ ከዓይን፣ አድማጭ እንዳትሆን ከጆሮ፣ ለፍላፊ እንዳትሆን ከአፍ፣ ቀናተኛ እንዳትሆን ከልብ፣ እጇ እንዳይረዝም ከእጅ፣ ዘዋሪ እንዳትሆን ከእግር አልፈጥራትም አለ፤ ሰው ዕራቁቱን ቢቆም እንኳ ከሚሸሸግ ስፍራ ፈጠራት፤ እያንዳንዱን አካሏንም ጨዋ ሁኚ እያለ ሠራ።

ሰባኪው እዚህ ያቆማል። ሚድራሹ ግን ይቀጥላል፤ ምክሩ ሁሉ ከሸፈ ይላል። ከጆሮ አልፈጠርኳትም፤ እነሆ ሣራ በድንኳኑ ደጃፍ ሆና አደመጠች። ከልብ አልፈጠርኳትም፤ እነሆ ራሔል በእህቷ ቀናች። ከእጅ አልፈጠርኳትም፤ እነሆ ራሔል የአባቷን ጣዖታት ሰረቀች። ከእግር አልፈጠርኳትም፤ እነሆ ዲና ወጣች።

ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ መመርመር ይገባል። ሣራ ያደመጠችው በገዛ ድንኳኗ ደጃፍ ነው፤ የሚወራውም ስለ ገዛ ማኅፀኗ ነው። ራሔል የቀናችው አባቷ በሠርጓ ሌሊት እህቷን ከተካባት በኋላ፣ መካን ሆና ስትቀመጥ ነው። ዲና የአገሩን ሴቶች ልጆች ልታይ ወጣች፤ በዚያው ምዕራፍ ሴኬም በግድ ደፈራት። ተደፍራ የተመለሰችን ልጅ የዘዋሪነት ምስክር አድርጎ የጠራ ሊቅ፣ በዚህ ስፍራ ቅዱስ መጽሐፉን አላነበበም፤ የራሱን ጥላቻ በቅዱስ መጽሐፍ ጥቅስ አለበሰ። የዘመኑ ሰው ነው በሚል ሰበብ ማለፍም አይቻልም። በዚያው ዘመን፣ በዚያው መጽሐፍ፣ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ወይዘሮዋ ተናግራለችና።

ከዚህ ክስ በፊት ባለው ክፍል ደግሞ ፍጹም ሌላ ሔዋን አለች። ረቢ ሐማ ባር ሐኒና ፈጣሪ ሔዋንን ከካሮብ ወይም ከሾላ ዛፍ ሥር አንሥቶ እንዲያው ያመጣት ይመስላችኋልን፤ በ24 ጌጥ አስጊጦ አመጣት እንጂ ይላል። 24ቱ በሌላ ሚድራሽ የሙሽራ ጌጦች ተብለው ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 3 ይቆጠራሉ። ኢሳይያስ ጌጦቹን የዘረዘረው የጽዮን ሴቶች ልጆች ይገፈፏቸዋል ብሎ ሲፈርድ ነው፤ ረቢ ሌዊም ስለ ኩሩ አንገትና ስለ ቀላዋጭ ዓይን የሚጠቅሰው ከዚሁ ምዕራፍ ነው። አንዱ ሊቅ ከፍርዱ ላይ ጌጡን አንሥቶ ለሔዋን አለበሰ፤ ሌላው ፍርዱን አንሥቶ በሔዋን ላይ ጫነ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

በባቢሎን ታልሙድ በበራኮት ያለው ትምህርት ከዚህም ይልቃል። ረቢ ስምዖን ቤን መናስያ ፈጣሪ የሔዋንን ጸጉር ሹሩባ ሠርቶ ወደ አዳም አመጣት ይላል። ረቢ ኤርምያስ ቤን አልዓዛር ይጨምርበትና ፈጣሪ ለአዳም ሚዜ ሆነለት፤ ከዚህም ታላቅ ለታናሽ ሚዜ መሆንን አይናቅ ይላል። ሹሩባ የተሠራ ሰው ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ራስን ጉልበት ላይ ማስደገፍ፣ መንገድ ማውጣት፣ ሰዓታት መታገሥ፣ አንዷ ዘለላ ከሌላዋ እንዳትወፍር መጠንቀቅ አለ። ረቢ ሌዊ ፈጣሪን በሴቷ አካል ላይ ሲጨነቅ አሳየን፤ ረቢ ስምዖን በሴቷ ራስ ላይ ጣቶቹን ሲያፍታታ አሳየን። ስለ ሴት አፈጣጠር ከተነገሩት ትምህርቶች መካከል ፍቅር በእጅ ሲሠራ የሚታየው እዚህ ነው፤ ሊሊትን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን አለማወቁ ያሳዝነኛል።

በግእዝ የተረፈው መልስ

ከእነዚህ ሁሉ በዕድሜ የሚቀድም አንድ መልስ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በእኛ ብራና ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን በዕብራይስጥ ተጻፈ፤ ቁርጥራጮቹ በቁምራን ዋሻዎች ተገኝተዋል፤ ሙሉው ግን በግእዝ ብቻ ይገኛል። ኩፋሌ ሁለቱን የዘፍጥረት ምዕራፎች የሚያስታርቃቸው በቀን ቆጠራ ነው። በመጀመሪያው ሱባዔ አዳም ተፈጠረ፤ ሚስቱም በጎኑ ውስጥ ሆና አብራው ተፈጠረች። በሁለተኛው ሱባዔ ወጥታ ለአዳም ታየች። አዳም በተፈጠረበት ምድር 40 ቀን ከሞላው በኋላ ወደ ገነት ገባ፤ ሔዋን በ80ኛው ቀን ገባች። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ወንድ የወለደች 7 እና 33፣ ሴት የወለደች 14 እና 66 ቀን እንድትቆይ የታዘዘበት ምክንያት በኩፋሌ ይህ ነው።

ቆጠራው በአገራችን ሕያው ነው። በተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ኩፋሌን በቅዱስ መጽሐፍነት የጠበቁት ቤተ እስራኤልም በአገራቸው ሳሉ ወላዷን በአራስ ጎጆ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ያቆዩ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዪቱ ሴት አፈጣጠር ለእኛ የሩቅ ሕዝብ ተረት ብቻ አይደለም፤ የእናቶቻችን የአራስነት ዘመን የተለካበት ነው።

ኩፋሌ በእኛ ዘንድ የሚወደሰው አብዛኛውን ጊዜ በመትረፉ ነው። ውዳሴው ተገቢ ነው፤ ሥነ ጽሑፋዊ ምዘናው ግን ችላ ተብሏል። በዚህ ምዕራፍ የኩፋሌ አሠራር እጅግ የጠራ ነው። ሁለቱ ምዕራፎች ሳይሸራረፉ ይገጥማሉ፤ የተጣለችም የበረረችም ሴት የለችም፤ የዘገየች ሴት አለች። የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነው። መጽሐፉ የመልአከ ገጽ ንግግር ነው፤ መልአኩ ይናገራል፣ ሙሴ ይጽፋል። ወይዘሮ ገብታ ለምን የምትልበት በር የለውም። ሴቷ ለምን እጥፍ ትቆያለች የሚል ድምፅ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ እጥፉ በሰማይ ጽላት ላይ ተጽፏል ተብሎ ያልፋል። የሚድራሽ ዝርክርክነት ከኩፋሌ ጥራት የሚበልጠው በዚህ ስፍራ ነው። ዝርክርኩ መጽሐፍ ክሱንም ሹሩባውንም፣ ረቢውንም ወይዘሮዋንም ስለያዘ በራሱ ላይ ፍርድ የሚሰጥበትን ማስረጃ በገዛ ገጹ አኖረ።

በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉና የሚያስተምሩ ሰዎች ቅደም ተከተላቸውን ቢለውጡ መልካም ነው። በሊሊት መጀመር አንባቢን ወደ አንድ የመካከለኛው ዘመን ክታብ ታሪክ ይወስደዋል፤ ከዚያም ጽሑፉ ያልተናገረውን እንዲሰማ ያስገድደዋል። በኩፋሌ ቢጀመር አንባቢው ራሱ በሚያውቀው 40 እና 80 ላይ ይቆምና ምክንያቱን ይጠይቃል። ከዚያ በሬሺት ራባ ምዕራፍ 17 እና 18 ሳይቆረጡ፣ ጣፋጩም መራራውም አብሮ ይነበብ። የሰባኪው ግማሽ ጥቅስ ከሙሉው ጋር ሲገጣጠም የዲና ስም ይነሣል፤ የዲና ስም ሲነሣም ሰባኪው መልስ መስጠት ይኖርበታል።

ሊሊት ለነጻነት ምልክት ሆና ማገልገሏን አልቃወምም፤ ምልክት የሚሻ ይያዛት። ነገር ግን ሊሊት ክርክሩን ትታ ወጥታለች፤ የወጣችበት ቤት ከሄደች በኋላ ምንም አልተለወጠም። ወይዘሮዋ ከሊቁ ፊት ቆማ፣ በሊቁ ቋንቋ፣ በራሷ ሕይወት ማስረጃነት ተናገረች፤ ሊቃውንቱም ቃሏን አልሰረዙትም፤ ለተማሪዎቻቸው አወረሱት። የአይሁድ ትውፊት ስለ መጀመሪያዪቱ ሴት ሊያኮራው የሚገባ ነገር ካለ ይህ ነው፤ የተጣለችው ሴት ጠበቃ በገዛ ጉባኤው መካከል ተናግራ ሳትረታ ቀርታለች።